ሰው ሲጠፋ ፍለጋው እንዴት ይሠራል? ከጉብሬ ጀፎረ እስከ ፖሊስ መዝገብ

«አፋልጉኝ» የሚል ፖስት በየጊዜው ስልካችሁ ላይ ያልፋል። ፎቶ፣ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ «ያያችሁ ተባበሩን»። ሼር አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። ከፖስቱ ጀርባ ማን የት እየፈለገ እንደሆነ፣ ሰፈሩ ምን እንደሚሠራ፣ ፖሊስስ ምን ግዴታ እንዳለበት ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። የምናውቀው ነገሩ የራሳችን ቤት ሲደርስ ነው። ያኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ጊዜ የለም።

ስለዚህ ይህችን ጽሑፍ አሁን አንብቡና ሴቭ አድርጓት። ጉብሬን ይዘን እንሄዳለን፤ ነገሩ ግን ለቡታጅራም፣ ለወልቂጤም፣ ለሌላውም ገጠር ይሠራል።

ዋናው ነጥብ አንድ ነው። ሰፈሩ መሬቱንና ሰዉን ያውቃል። ፖሊስ ሥልጣንና መዝገብ አለው። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሰዓቱ ያልቃል። ሁለቱ እኩል መነሳት አለባቸው።

ጉብሬ ላይ «ጠፋ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጉብሬ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እዚሁ ነው። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ስትሉ ደግሞ የእንሰት ጓሮ ያላቸው የገጠር መንደሮች ይጀምራሉ። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አራት ዓይነት መጥፋት አለ ማለት ነው።

👉 ከቤት አቅራቢያ የሚጠፉ፦ ሕፃናት፣ የመርሳት ችግር ያለባቸው አዛውንቶች፣ የአእምሮ ሕመምተኞች።
👉 ወጥተው የሚቀሩ፦ ለሥራ ብለው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ የሄዱና ድምፃቸው የጠፋ ወጣቶች።
👉 መንገድ ላይ የሚጠፉ፦ ከሩቅ የሚመጡና ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሹፌሮች።
👉 የተወሰዱ፦ የተጠለፉ ሴቶች፣ የታገቱ ወይም ወንጀል የተፈጸመባቸው ሰዎች።

የትኛው እንደሆነ ቶሎ መለየት ግማሽ ሥራ ነው። የጠፋው የ4 ዓመት ሕፃን ከሆነ ጓሮው ይፈተሻል። የ17 ዓመት ልጅ ልብሱን ይዞ ከወጣ መናኸሪያው ይጠየቃል። የተጠለፈች ልጅ ከሆነች ደግሞ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ጉዳዩ የፖሊስ ነው።

ሰፈሩ እንዴት ይፈልጋል?

የጉራጌን መንደር የሚያውቅ ሰው ጀፎረን ያውቃል። በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊና ሣር የለበሰ የጋራ ሜዳ መንገድ ነው። ሠርግም፣ ለቅሶም፣ ሸንጎም እዚያ ነው። ቤቶቹ ወደ ጀፎረው ስለሚያዩ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ፣ የማን እንግዳ እንደመጣ የሚያይ ዓይን አይጠፋም። ሰው ሲጠፋ የመጀመሪያው መረጃ የሚገኘው ከዚህ ነው፦ «ጠዋት በዚህ በኩል ሲያልፍ አይቼዋለሁ»።

ከዚያ እድሩ አለ። ጡሩምባው ለሞት ብቻ አይነፋም፤ ሰፈሩን በአንድ ጊዜ ለማስነሳት ከዚህ የፈጠነ መንገድ የለም። የእድር ዳኛው የአባላቱን ስም ዝርዝር ይዟል። ማን ከየትኛው ቤት እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ወዲያው ይታወቃል። ይህ ለፍለጋ በጣም ይጠቅማል፤ ሰው ለማሰማራትም፣ የተሰማራው ሰው ማታ በሰላም መመለሱን ለማረጋገጥም።

ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ሌላው ድምፅ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ወይም ከሶላት በኋላ በድምፅ ማጉያ የሚነገር ማስታወቂያ ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች ጋ ይደርሳል። የገበያ ቀንም እንደዚሁ ነው። ከብዙ ቀበሌ የመጣ ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ማታ ደግሞ ወሬውን ይዞ ወደየመንደሩ ይበተናል። የትኛውም ፔጅ በግማሽ ቀን ውስጥ እንደዚህ ወደ ገጠሩ ቤት ሁሉ አይገባም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ማስታወቂያው በአማርኛ ብቻ አይሁን። በጉራጊኛም ይነገር። በተለይ የጠፋው ትንሽ ልጅ ከሆነ አማርኛ ላይችል ይችላል፤ ይህም በማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይገለጽ።

ድሮስ? አፈርሳታ

«መጨረሻ ያየው ማነው?» ብሎ ሰፈርን ሰብስቦ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። አገራችን ውስጥ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል የቆየ ሥርዓት ነበር። ወንጀል ተሠርቶ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ያስምላሉ፣ ይጠይቃሉ፣ የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ ሰዉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ጉራጌ ተወላጁ ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በዚሁ ስም በእንግሊዝኛ ልቦለድ ጽፎበታል። ታሪኩ አንድ የጉራጌ መንደር ውስጥ ቤት ሲቃጠል ሕዝቡ ነገሩን እንዴት እንደሚያጣራ ያሳያል።

ሥርዓቱ ችግር ነበረበት። ምንም የማያውቅ ሰው ከእርሻው ተስተጓጉሎ ይውላል፣ የሚያውቀውም በሰው ፊት ለመናገር ይፈራል። ዛሬ ሰውን በግድ አስቀምጦ ማውጣጣት አይቻልም። ሐሳቡ ግን አሁንም ይሠራል። በአንድ ቦታ ተሰብስቦ በሰዓት በሰዓት ማቀናጀት ነው፦ 2 ሰዓት ላይ ማን አየው? 3 ሰዓትስ? ምን ለብሶ ነበር? ከማን ጋር? በሰው ፊት መናገር የከበደው ደግሞ ለብቻው ለሽማግሌ ወይም ለፖሊስ እንዲናገር በሩን ክፍት መተው ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች፦ በሥርዓት መፈለግ

ሁሉም ሰው በየፊናው ሮጦ ሲወጣ አንዱ ቦታ አምስት ጊዜ ይታያል፣ ሌላው ጭራሽ ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ፦

1. አንድ ሰው አስተባባሪ ይሁን። ደብተርና እስክሪብቶ ይያዝ። ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሄደ ይጻፍ።

2. አንድ የቤት ሰው እቤት ይቅር። የጠፋው ሰው ራሱ ሊመለስ ይችላል። ስልክም ሊደወል ይችላል።

3. ከቤት ጀምሩ። አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ ጎተራ፣ የእንሰት ጓሮ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ አሮጌ ሽንት ቤት። ትንሽ ልጅ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም። ደክሞት ይተኛል፣ ቁጣ ፈርቶ ይደበቃል፣ ስሙ ሲጠራም ላይመልስ ይችላል። በመጥራት ብቻ አትተማመኑ፤ በዓይን እዩ።

4. ቀጥሎ መጨረሻ የታየበት ቦታ። እዚያ ላይ ምልክት አድርጋችሁ በሁሉም አቅጣጫ እየሰፋችሁ ሂዱ። ጫካና ረጅም ሣር ውስጥ ሰው ተሰልፎ፣ ጎን ለጎን እየተያየ ይሂድ።

5. የመርሳት ችግር ላለባቸው አዛውንቶች የድሮ ቦታቸውን አስቡ። የልጅነት ቀያቸው፣ የቀድሞ እርሻቸው፣ የሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን ወይም የሚሰግዱበት መስጊድ። መንገድ ሲያልቅባቸው ቁጥቋጦ ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ።

6. ወንዝ ዳር በክረምት ብቻችሁን አትሂዱ። የዋቤና የጊቤ ውሃ ሲሞላ ዋናተኛም አይመልስም። ገመድ ያዙ፣ ዳር ዳሩን ሂዱ፣ ወንዙን የሚያውቁትን የአካባቢውን ሰዎች አስቀድሙ።

7. ጫማ፣ ስልክ፣ ነጠላ፣ የደም ምልክት ካገኛችሁ አታንሱት። በስልካችሁ ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ አንሱ፣ ሎኬሽኑን ሴቭ አድርጉ፣ አንድ ሰው እዚያው አቁማችሁ ለፖሊስ ደውሉ። አሥር ሰው የረገጠው ዱካ ለመርማሪ አይጠቅምም።

ተጎድቶ ከተገኘ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ፖሊስ 991። የቅርብ ጣቢያችሁን ቀጥታ ቁጥር ግን ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

«24 ሰዓት ይሙላው» እውነት ነው?

ይህ ወሬ ብዙ ቤተሰብ አስቀምጧል። «24 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አይቀበልም»፣ አንዳንዱ ደግሞ «48 ሰዓት» ይላል።

48 ሰዓት የሚለው ቁጥር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ፤ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 19 በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከጠፋ ሰው ጋር አይገናኝም።

ስለ ምርመራ የሚናገረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው። በ1954 ዓ.ም የወጣ ነው። አንቀጽ 22 እንዲህ ይላል በአጭሩ፦ ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ካወቀ ወይም ከጠረጠረ ምርመራ ይጀምራል፤ የቀረበለት አቤቱታ ቢያጠራጥረው እንኳ መመርመር አለበት። አንቀጽ 14 ደግሞ አቤቱታው በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለአመልካቹ እንዲነበብለትና እንዲፈርምበት ያዛል።

እዚህ ጋ ቁልፍ ቃሉ «ከጠረጠረ» የሚለው ነው። ስለዚህ ጣቢያ ስትሄዱ «ልጄ ጠፋ» ብቻ አትበሉ። ለምን እንደሰጋችሁ ተናገሩ፦ ዛቻ ነበረ? ስልኳ በድንገት ተዘጋ? ጋብቻ የጠየቀና እምቢ የተባለ ሰው አለ? ገንዘብ ይዞ ነበር? ዕድሜው ከ18 በታች ነው? መድኃኒት ይወስዳል? እነዚህ ነገሮች ናቸው ጉዳዩን ከ«ይመለስ ይሆናል» ወደ ምርመራ የሚያሻግሩት።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦

👉 የቅርብ ጊዜ ፎቶ፣ ፊልተር የሌለው
👉 ቁመት፣ የለበሰው ልብስ፣ ጠባሳ ወይም ሌላ ምልክት
👉 መጨረሻ የታየበት ቦታና ሰዓት፣ ያየው ሰው ስልክ
👉 የጠፋው ሰው ስልክ ቁጥሮች ሁሉ፣ የስልኩ ካርቶን ካለም እሱ (ላዩ ላይ የቀፎው መለያ ቁጥር አለ)
👉 የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የቲክቶክ አካውንት ስም

ስትወጡ የመርማሪውን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥርና የተመዘገበበትን ሰዓት ጽፋችሁ ውጡ። በማግስቱ «ትናንት አንድ ሰው አናግረን ነበር» ከማለት ቁጥሩን መጥራት ይለያል።

ጣቢያው ካልመዘገበላችሁ ወደ ጣቢያው ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ ከተማው ወይም ወረዳው ፖሊስ፣ ከዚያ ወደ ዞኑ ውጡ። ዐቃቤ ሕግም አለ። ሰውዬው በጸጥታ አካል ተይዞ የት እንዳለ ካልታወቀ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) አቤቱታ ይቀበላል። የተያዘ ሰው በቤተሰቡ የመጎብኘት መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ ተጽፏል።

ፖሊስ ያለው፣ ሰፈሩ የሌለው

መዝገቡ ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ሰፈሩ ሊያደርግ የማይችላቸው ነገሮች ስላሉ ነው። የሰው ቤት መፈተሽ፣ ተጠርጣሪ መያዝ፣ የስልክ ጥሪ መረጃን በሕጋዊ መንገድ መጠየቅ፣ መረጃውን ለሌላ ክልል ፖሊስ ማስተላለፍ የፖሊስ ሥራ ነው። ቤተሰብ የቴሌ ማዕከል ሄዶ ቢያለቅስ የሰው የጥሪ ዝርዝር አይሰጠውም። ጉዳዩ ከአገር ከወጣም ፌዴራል ፖሊስ በኢንተርፖል በኩል ለጠፉ ሰዎች የሚወጣውን ቢጫ ማሳሰቢያ መጠየቅ የሚችለው መዝገብ ሲኖር ነው።

በገጠር ቀበሌ መሐሉን የሚሞሉት ሚሊሻውና የማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባለሙያው ናቸው። ሰፈሩን በስም ያውቃሉ፣ ከጣቢያው ጋርም ይገናኛሉ። ጣቢያው ሩቅ ከሆነ አንድ ሰው ወደ ጣቢያ ይላክ፣ ሌላው በዚያው ሰዓት ሚሊሻውን ያስነሳ።

ሦስት አንበሶችና አንድ የተረሳ ነገር

ይህ ቅንጅት ሲሠራ ምን እንደሚመስል በዓለም ሁሉ የተወራ አንድ የአገራችን ታሪክ አለ። ሰኔ 1997 ዓ.ም ነው፤ ቦታው ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 560 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ቢታ ገነት። የ12 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ብለው በሰባት ሰዎች ተጠለፈች። አንድ ሳምንት ሙሉ ደብዛዋ ጠፋ፣ ተደበደበች። በመጨረሻ ስትገኝ ሦስት አንበሶች አጠገቧ ነበሩ። የአካባቢው ፖሊስ በጊዜው እንደተናገረው አንበሶቹ ጠላፊዎቹን አባረው ልጅቷን ሳይነኩ ቆዩ፤ ሰዎች ሲደርሱ ትተዋት ወደ ጫካ ገቡ።

ዓለም አንበሶቹን ያዘና ሌላውን ረሳው። ልጅቷ ጋ የደረሱት ፖሊሶችና ዘመዶቿ ነበሩ፣ አብረው። አንድ ሳምንት ሙሉ «በቃ፣ አግብታለች» ብሎ የተወ አልነበረም።

ይህ ለምን ያስፈልገናል? በገጠር የተጠለፈች ልጅ ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በሽምግልና ነው። «ነገሩ በዕርቅ ይለቅ» ይባላል፣ ፍለጋው ይቀራል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ግን ለማግባት ብሎ ሴትን መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድንም። ሽማግሌ ልጅቷን ለማስመለስ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ የፖሊስን መዝገብ ለማዘጋት ከሄደ ግን ፍለጋውን እየገደለ ነው።

መንገድ ላይ የጠፉ ተማሪዎች

ጉብሬ የተማሪ ከተማ ናት፣ ስለዚህ ይህ ክፍል ለግቢ ልጆች ነው።

ኅዳር 2012 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ የአማራ ክልል ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ። በጥር ወር መንግሥት 21 ሰዎች ተለቀዋል አለ፤ ወላጆች ግን ልጆቻችንን አላገኘንም አሉ። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎችና ሌሎች መንገደኞች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ተወሰዱ። የክልሉ መንግሥት አብዛኞቹ ነፃ ወጥተዋል ሲል ቤተሰቦች አሁንም ገንዘብ እየተጠየቅን ነው ይሉ ነበር።

በሁለቱም ጊዜ ትልቁ ጭቅጭቅ የቁጥርና የስም ነበር። ስንት ሰው ነበረ? እነማን ናቸው? ማን ተለቀቀ? ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጠፋ ጀፎረው ይመሰክራል፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ግን ጎረቤት የለም። ዝርዝር ከሌለ የጠፋውን ሰው «የለም» ማለት ቀላል ነው።

ስለዚህ ስትጓዙ፦

👉 የተሳፈራችሁበትን መኪና ታርጋ ፎቶ አንስታችሁ ለአንድ የቤተሰብ ሰው ላኩ።
👉 አብረዋችሁ የሚሄዱ ልጆችን ስምና የቤተሰብ ስልክ በአንድ ግሩፕ ላይ አስቀምጡ።
👉 ሎኬሽናችሁን ለምታምኑት አንድ ሰው ብቻ ክፈቱ፤ ስቶሪ ላይ አትለጥፉ።
👉 ስትደርሱ «ደርሻለሁ» በሉ። ይህን የለመደ ሰው ዝም ሲል ቤተሰቡ በሰዓታት ውስጥ ያውቃል።

ፈላጊውም ሊጠፋ ይችላል

የገጠር ሰው ለጎረቤቱ ሮጦ ይደርሳል። ይህ ደግነት አደጋም አለው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን አስታውሱ። የመጀመሪያው ናዳ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤቶች፣ በመካከላቸው መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም ጭምር፣ ለማውጣት ሮጡ። እየቆፈሩ ሳለ ሌላ ናዳ መጣባቸውና እነሱንም ቀበረ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ለቀናት ሕዝቡ በአካፋና በባዶ እጁ ዘመዱን ሲፈልግ ነበር።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ናዳ፣ የሞላ ወንዝ፣ ገደል ባለበት አንድ ሰው ከላይ ሆኖ የሚያይና የሚያስጠነቅቅ ይመደብ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይግባ። የገቡት ሰዎች ስም ይጻፍ። አለበለዚያ ማን እንደተቀበረ እንኳ መቁጠር ያቅታል።

ለመስቀል ያልመጣ ልጅ

ለክርስቲያን ጉራጌ ቤተሰብ መስቀል የበዓል ብቻ ሳይሆን የቆጠራም ቀን ነው። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ የተበተነው ሁሉ ወደ ቀዬው ይመጣል። ለሙስሊሙ ቤተሰብ ደግሞ ዐረፋ እንደዚሁ ነው። ያልመጣና ያልደወለ ልጅ ያኔ ይታወቃል። ችግሩ እስከ በዓሉ መጠበቁ ነው፤ ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖት ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ ገብቷል ተብሎ ከታሰበ ፍለጋው በአገር ልጅ ይጀምራል። መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሊስትሮዎቹ የሚውሉበት ቦታ፣ የአካባቢው ተወላጆች እድርና ማህበር። የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም አዛውንት ከሆነ እንደ መቄዶንያ ያሉ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና የሚያነሱ ማዕከላትን ጠይቁ። ስሙን መናገር የማይችል ሰው እዚያ ሊኖር ይችላል። ሆስፒታሎችንና፣ ልብ ቢከብድም፣ የአስከሬን ክፍሎችን በፖሊስ ደብዳቤ መጠየቅ የፍለጋው አካል ነው።

ከአገር ወጥቷል ከተባለ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ብዙ ወጣት በሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። መጋቢት 2012 ዓ.ም ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ አስከሬኖች መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ። መታወቂያ የሌለው አስከሬን እዚያ ሲቀበር እዚህ እናት «ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ይሆናል፣ ስልክ ቀይሮ ነው» እያለች ትጠብቃለች።

ለእንደዚህ ዓይነቱ ፍለጋ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማህበር ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የሚሰጠው አገልግሎት አለ፦ በጦርነት፣ በአደጋ ወይም በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን ማገናኘት። ክፍያ የለውም። ቅርብ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄዳችሁ የጠፋውን ሰው ዝርዝር ታስመዘግባላችሁ። ደላላውን የምታውቁት ከሆነ ደግሞ ለፖሊስ ተናገሩ፤ በሰው መነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር በአዋጅ 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው። ብዙ ቤተሰብ «ልጄን ይጎዳብኛል» ብሎ የደላላውን ስም ይደብቃል። ልጁ የት እንደደረሰ ግን መንገዱን የሚያውቀው ያ ደላላ ነው።

አፋልጉኝ ፖስት ሲጻፍ

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። ጥሩ ፖስት ሰው ያስገኛል፣ መጥፎው ደግሞ አጭበርባሪ ይጠራል።

👉 ቀኑን ጻፉ። «ትናንት ጠፋ» የሚል ፖስት ከሁለት ዓመት በኋላም እየዞረ ነው። «ሰኔ 5 ቀን 2017» በሉ።
👉 ቦታውን በትክክል ጻፉ። «ጉራጌ ዞን» ሰፊ ነው።
👉 አንድ ምልክት ደብቁ። ጠባሳ ወይም የካልሲ ቀለም ሊሆን ይችላል። «ይዘነዋል፣ ብር ላኩ» ብሎ የሚደውል ሲመጣ ያንን ጠይቁት። መመለስ ካልቻለ አላየውም። ገንዘብ ከመላክ በፊት ለፖሊስ አሳውቁ፣ ጥሪውንም ቅዱ።
👉 ከቤተሰብ ስልክ ጎን የመዘገበውን ጣቢያ ስም አስቀምጡ።
👉 የመደፈር ወይም የጤና ዝርዝር አትጻፉ። ልጅቷ ነገ ተመልሳ እዚያው ሰፈር ትኖራለች።
👉 ኮመንት ላይ ግምት አትጻፉ። «ከእገሌ ጋር ሄዳ ነው» የሚል ቀልድ ፍለጋ ያስቆማል።
👉 ሲገኝ ፖስቱን አጥፉ ወይም «ተገኝቷል» ብላችሁ አስተካክሉ።

ሼር አድራጊዎችም አንድ ነገር እወቁ። ጠፋች የተባለችው ልጅ ከድብደባ ወይም ከግዳጅ ጋብቻ አምልጣ ሊሆን ይችላል። ካያችኋት ያለችበትን ቦታ ኮመንት ላይ አትጻፉ፣ ለፈላጊውም ቀጥታ አትስጡ። ለፖሊስ ወይም ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ንገሩ። ዕድሜው የደረሰ ሰውም «ደህና ነኝ፣ ግን አድራሻዬን አትስጡ» የማለት መብት አለው።

ዓመታት ሲያልፉስ?

ፍለጋ አንዳንዴ መልስ አያገኝም። ለቅሶ አይቀመጡ፣ ሬሳ የለም። ሕይወት አይቀጥሉ፣ ልብ እንቢ ይላል። ሚስት ባል አላት ወይስ የላትም? መሬቱ በማን ስም ይዙር?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መልስ አለው። አንቀጽ 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ለ2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲያውጅለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ፍርዱ ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፣ የንብረቱም ጉዳይ መልክ ይይዛል። ማመልከቻውን የሚያጠናክረው ምንድነው? ያኔ የመጀመሪያው ቀን የተመዘገበው የፖሊስ መዝገብ፣ የቀበሌው ማስረጃና የፈለጉት ሰዎች ምስክርነት። ያን ቀን ያልጻፈ ቤተሰብ ከዓመታት በኋላ «መቼ ነው የጠፋው?» ለሚለው ጥያቄ እንኳ ማስረጃ ያጣል።

በአጭሩ

ሰው ሲጠፋ አንዱ ወደ ጀፎረው፣ አንዱ ወደ ጣቢያው፣ በአንድ ሰዓት። ሰፈሩ ይፈልጋል፣ ደብተሩ ይጽፋል፣ ፖሊስ ይመዘግባል። ፖስቱ የሚመጣው ከእነዚህ ጋር እንጂ በእነሱ ፈንታ አይደለም።

ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። የእናት፣ የአባት፣ የታናናሾቻችሁን ግልጽ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። የቅርብ ፖሊስ ጣቢያችሁንና የቀበሌያችሁን ሚሊሻ ቁጥር መዝግቡ። ከዚያ ይህንን ለቤተሰብ ግሩፑ ላኩት። ሰላም እደሩ።